አትሮንስ የሆነው የሎሚ በር

በነቀምት ከተማ፣ ጨለለቂ በሚባለው ሰፈር፣ በር የሌለው የአናጢ ቤት ነበር።

አናጢው ጨመዳ ይባላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። የሠራው ወንበር አይነቃነቅም፣ የሠራው አልጋ ሲገላበጡበት አይጮኽም፣ የሰፈሩ ግማሽ ሰው እሱ በሠራው በር ይወጣል፣ ይገባል። በራሱ ደጃፍ ላይ ግን ጆንያ ተንጠልጥሏል። ሲመሽ ጅብ ስለሚዞር ሚስቱ ሎሚ የእህል ሣጥኑን እየገፋች ደጁን ትደፍናለች፣ ጧት እየጎተተች ትከፍታለች። ሣጥን ስትገፋ አራት ዓመት ሆናት።

በሩ አልጠፋም። የት እንዳለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የሰፈሩ ወንጌል አማኞች ጉባኤ ሽማግሌዎች አለቃ ኦቦ ሞረዳ በየእሑዱ መጽሐፋቸውን ዘርግተው ክርናቸውን የሚያሳርፉበት አትሮንስ የሎሚ በር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የጉባኤውን አሮጌ አትሮንስ ምስጥ በላው፣ አንድ እሑድም በስብከት መካከል ከነመጽሐፉ ተንበረከከ። “ማን ይሠራልናል?” ሲባል ጨመዳ ብድግ አለ። ብድግ ማለት ልማዱ ነው። ችግሩ እንጨቱ ላይ መጣ። እርጥብ እንጨት ይጣመማል፤ በዚያ ክረምት ደግሞ በነቀምት የደረቀ ዋንዛ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፣ እዚያው ጨመዳ ደጃፍ ላይ። የሎሚ አባት ለሰርጓ ብለው ከአርጆ በበቅሎ ያስጫኑት፣ ጨመዳ ራሱ ጠርቦ ያቆመው በር ነበር። ቅዳሜ ከማጠፊያው ነቀለው።

“ለጌታ ነው” አላት። “ለፋሲካ ሌላ እሠራልሻለሁ።”

የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ ሎሚ በየእሑዱ ከሴቶቹ ወገን ተቀምጣ አባቷ የሰጧትን በር ታያለች። የማጠፊያው ቀዳዳዎች በአትሮንሱ ግራ ጎን እስከ ዛሬ አልተደፈኑም። ስድስት ናቸው። ስብከቱ ሲረዝምባት ትቆጥራቸዋለች።

ጨመዳን ያንገበገበው ግን በሩ አልነበረም፣ እግዚአብሔር ነበር። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞልቶት ጌታ ለምን እንደፈጠረው እስካሁን አልነገረውም። ለሌላው ሁሉ የነገረ ይመስለዋል። ለኦቦ ሞረዳ ሽምግልናን ሰጣቸው፤ ለታች ሰፈሩ አናጢ ለጉሉማ እንኳ የሬሳ ሣጥን ሰጠው፣ ያውም ሥራ የማይጠፋበት። ጨመዳ በየማለዳው መላጊያውን አስቀምጦ ፍቅፋቂው ላይ ይንበረከካል። “ጌታ ሆይ፣ የፈጠርከኝን ዓላማ ግለጥልኝ” ብሎ ገና ሲጀምር አንዱ ይመጣል።

“አካም ቡልቴ፣ ጨመዳ! የአልጋዬ እግር ተሰበረ።”

“እየጸለይኩ ነው።”

“ጸልይ፣ ጸልይ። እጠብቅሃለሁ” ይልና እጎኑ ተቀምጦ ይተነፍሳል። አጠገብህ ሰው ቁጭ ብሎ እየተነፈሰ የእግዚአብሔር ድምፅ አይሰማም።

እሱ ሲሄድ ሎሚ “ጣራው አፈሰሰ” ትላለች። ሎሚ ዝም ስትል ትልቋ ልጁ ዓባይነሽ “አባዬ፣ የትምህርት ቤት ወንበሬ ወላለቀ” ትላለች። ዓባይነሽ ዝም ስትል የጎረቤት ፍየል ጆንያውን በግንባሯ ገፍታ ትገባለች። ጨመዳ አንድ ሰዓት ጸጥታ ቢያገኝ ዓላማውን እንደሚሰማ ቁርጥ አድርጎ ያምን ነበር። ጸጥታው በየት በኩል እንደሚያመልጥ አይቶ አያውቅም።

በ1953 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ቢላ በሚባለው አገር ያሉ ምእመናን “ወንጌላዊ ይላክልን” ብለው ጻፉ። ደብዳቤው እሑድ ሲነበብ ጨመዳ ብድግ አለ።

“ይኸው መጣ” አላት ሎሚን፣ ወደ ቤት ሲመለሱ። “የፈጠረኝ ለዚህ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት።”

“እኔም አራት ዓመት የጠበቅኩት ነገር አለ” አለች ሎሚ። እሱ ግን ስለ ቢላ እየተናገረ ነበር።

ጉባኤው ሰው ከመላኩ በፊት አንድ ሥርዓት ነበረው፤ የሚስቱን ቃል ይቀበላል። ሦስት ሽማግሌዎች ቀኑን ሳይናገሩ ወደ ሰውየው ቤት ይመጣሉ፣ ባልን ወደ ውጭ ያስወጣሉ፣ ሚስትን አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ይኸውም ቤቱን እንዴት ያስተዳድራል ነው። እሷ ባለችው ነገሩ ያልቃል። ሥርዓቱ የመጣው በችግር ነው፤ አንድ ጊዜ ሳይጠይቁ አንዱን ወደ አርጆ ልከው ነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ ስብከቱ መካከል ደርሳ የቀረውን ራሷ ጨረሰችው ይባላል።

ጨመዳ ይህን አስቦ ቤቱን በአንድ ሳምንት ሊያስተካክል ተነሣ። መጀመሪያ ወደ ቆጡ ወጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ለሎሚ በር ብሎ የሰነጠቀው ዋንዛ ከምድጃው በላይ ተጋድሞ ጢስ ሲጠጣ ከርሞ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ሎሚ እንጨቱ ሲወርድ አየችና ማማሰሏን አቆመች።

“ዋቃዮ!” አለች። “ደረሰልኝ?”

“ሣጥን ነው” አለ ጨመዳ። “ለመጻሕፍቴ። ወንጌላዊ ያለ ሣጥን አይሄድም።”

“ስንት መጽሐፍ አለህ?”

“ሁለት።”

ሎሚ ወደ ድስቷ ተመለሰች። በሁለት ቀን ውስጥ ሣጥኑ አለቀ፤ እውነትም ያማረ ነበር። ክዳኑ ላይ በመሮ “ወንጌላዊ ጨመዳ” ብሎ ፈለፈለበት። ፊደሎቹን ስድስት ጊዜ በሰም አሸ።

ቀጥሎ የቤተሰብ ጸሎት አቋቋመ። ከእራት በፊት ሁሉም በአንድ አግዳሚ ይቀመጣል፤ ሎሚ፣ ዓባይነሽ፣ የአራት ዓመቱ ባቻ። ሰኞ ዕለት ጌታ በሰው ደጅ ቆሞ እንደሚያንኳኳ ሰበከላቸው። ድምፁን ከፍ አደረገ፣ እጁንም አነሣ። ዓባይነሽ ጣቷን አወጣች።

“አባዬ፣ እኛ ቤት ሲመጣ ምኑን ያንኳኳል?”

“ዝም ብለሽ ተቀመጪ።”

“ተቀምጫለሁ እኮ።”

በዚህ መካከል ጆንያው ተገለጠና የወይዘሮ ሸዋጌጥ ፍየል ገባች፤ የስብከቱን ወረቀት ካግዳሚው ጫፍ አንሥታ ማኘክ ጀመረች። ባቻ በሣቅ ወደቀ። ከፍየሏ ኋላ ራሳቸው ወይዘሮ ሸዋጌጥ ብቅ አሉ። የመንዝ ሰው ናቸው፣ ባላቸው የአውራጃ ግዛቱ ጸሐፊ፣ እሳቸው የማርያም ጠበል ጠጪ።

“ይቅርታ፣ ጸሎት ላይ ናችሁ” አሉ ፍየሏን በጆሮዋ እየጎተቱ። “አንቺ ሎሚ፣ የኛ ሰውዬ የጃንሆይን ሥዕል ከበራችን ጀርባ ሰቀለው፤ ሲዘጋ እንዴት እንደሚያምር! እናንተ የት ልትሰቅሉ ነው?”

“እኛ የምንሰቅለው ጆንያ ነው፣ እትዬ” አለች ሎሚ።

ጨመዳ የጸሎቱን ፍጻሜ በጥርሱ መካከል አለው። ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ። ሰይጣን ቤቱን እንደተዋጋው እርግጠኛ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ረቡዕ በዐሥር ሰዓት ደረሱ። ማንኳኳት ስላልቻሉ ተራ በተራ ሳሉ፤ መጀመሪያ ኦቦ ሞረዳ፣ ቀጥሎ ኦቦ ደረሳ፣ ቀጥሎ ስሙን መጥራት የማያስፈልገው ጸሐፊያቸው። ጨመዳ ሣጥኑን ሲወለውል አገኙት። ደስ ብሎት አስቀመጣቸውና እንደ ሥርዓቱ ወጥቶ ውጭ ቆመ።

በሌላ ቤት ባል ከተዘጋ በር ኋላ ቆሞ ሲጨነቅ ይቆያል። ጨመዳ ግን ሁሉንም ይሰማል፤ በመካከላቸው ያለው ጆንያ ነው።

“ሎሚ፣ ልጄ” አሉ ኦቦ ሞረዳ፣ “ጨመዳ ቤቱን እንዴት ያስተዳድራል?”

ሎሚ መዋሸት እንደማታውቅ ከተማው ሁሉ ይመሰክራል። አንዴ የኦቦ ሞረዳ ስብከት እንዴት ነበር ተብላ ተጠይቃ “መካከሉን ተኝቻለሁ” ያለች ሴት ናት፣ ያውም ለኦቦ ሞረዳ።

“መልካም ያስተዳድራል” አለች። “ምንም አልጎደለብንም። ላኩት።”

“ምንም?”

“ምንም።”

ነፋስ ጆንያውን ገለጠው። ኦቦ ደረሳ የተገለጠውን ጆንያ፣ ከጆንያው ማዶ የቆመውን ጨመዳን አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጸሐፊው ጻፈ። እሑድ በጉባኤው ፊት እጅ ሊጭኑበት፣ ሰኞ ሊሸኙት ቆረጡና መርቀው ወጡ።

ጨመዳ መደሰት ነበረበት። ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

“ዋሸሽ” አላት።

“ዋሸሁ።”

“ለሽማግሌ! አንቺ! ለምን?”

“እንድትሄድ ነዋ።”

ሎሚ ምስሩን እየለቀመች ቀጠለች። “ጉሉማን ሦስት ጊዜ ለመንኩት፣ በር ሥራልኝ ብዬ። ‘አዴ ሎሚ፣ አናጢ ባለበት ቤት በር ሠርቼ ከጨመዳ ጋር ልጣላ? ነውር ነው’ አለኝ። አንተ ቢላ ከገባህ ነውሩ ይቀራል። ባሏ የሄደባት ሴት በር ብታሠራ ማን ይስቃል?”

“ለአንድ በር ብለሽ ባልሽን ትሸኚያለሽ?”

“አራት ዓመት ባል ይዤ በር አጣሁ” አለች፣ ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አውጥታ እየጣለች። “አሁን ደግሞ በሩን ይዤ ልየው።”

ሐሙስ ጨመዳ ሲጸልይ ዋለ። አላማረለትም። “ጌታ ሆይ፣ የጠራኸኝ አንተ ነህ ወይስ የሸኘችኝ እሷ ናት?” ብሎ ጠየቀ። መልስ አልመጣም፤ የመጣው ባለ አልጋው ነው። ሁለተኛው የአልጋ እግር ተሰብሮበት።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ወደ ቤት ሲመለስ ጉሉማን ደጃፉ ላይ አገኘው። ሲባጎ ይዞ፣ በእግሩ ጣት ቆሞ፣ መቃኑን ይለካል። ጨመዳን ሲያይ እንደ ሌባ ደነገጠ።

“ናጋ ነው፣ ጨመዳ? አዴ ሎሚ... ልኩን ብቻ ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የምጀምረው፣ ሙት!”

ጨመዳ ምንም ሊል አልፈለገም ነበር። ግን አናጢ የሌላውን አናጢ ልክ አወሳሰድ ዝም ብሎ ማየት አይችልም።

“ከላይ አትለካ” አለው። “ጉበኑ በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ከላይ ከለካህ በሩ ይነክሳል።”

“በየት በኩል?”

“በቀኝ እኮ ነው የምልህ! ስጠኝ።” ሲባጎውን ነጠቀው። ከደፉ እስከ ጉበኑ፣ ከመቃን እስከ መቃን ለካው። ዐይኑን ጨፍኖም ያውቀው ነበር፤ የዚህን ደጃፍ እያንዳንዱን ጉብታ በሃያ አምስት ዓመቱ በገዛ እጁ ጠርቦታል። ሙሽራይቱ ነገ ትገባለች ተብሎ።

ጉሉማ ራሱን አከከ። “ይህን ሁሉ ካወቅክ ታዲያ...”

“ሲባጎህን ይዘህ ሂድ።”

ጉሉማ ሄደ። ሲባጎው ግን ጨመዳ እጅ ቀረ።

ቅዳሜ ጧት ሣጥኑ ፊት ቆሞ ረጅም ጊዜ አየው። በከተማው ውስጥ የደረቀ ዋንዛ ያለው አሁንም አንድ ቦታ ብቻ ነበር። መዶሻውን አነሣ። በጸሎት ሠራው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ በንዴት ነው የሠራው። ምስማሩን በነቀለ ቁጥር ሎሚን፣ ጉሉማን፣ ፍየሏን፣ ባለ አልጋውን በየተራ ይረግማል። ቢላን ሲያስብ ግን ዝም ይላል። የሣጥኑ እንጨት ለበር አይበቃም፤ የራሱን የሥራ ጠረጴዛ ገጽ ነቅሎ ሞላበት። ባለ አልጋው መጥቶ ሲስል “ሂድ ከዚህ!” ብሎ አባረረው። ሰውየው ጨመዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎት ላይ እንዳልሆነ አይቶ ፈርቶ ሄደ።

እሑድ ጧት፣ ደወሉ ሳይደወል፣ በሩን ሊያቆም ተነሣ። ብቻውን አልሆነለትም።

“ያዢልኝ” አለ፣ ሳያያት።

ሎሚ መጥታ ያዘች። እሱ ማጠፊያውን ሲመታ እሷ ክብደቱን በትከሻዋ ተሸከመች። ፊት ለፊት ከተጋጠሙ ብዙ ጊዜያቸው ነው።

“ሣጥንህስ?” አለች።

“ቀና አድርገሽ ያዢ።”

“እሑድ ሥራ ኃጢአት ነው ስትል አልነበር?”

“ሎሚ፣ እባክሽ ቀና አድርጊው!”

ቆመ። ጨመዳ ቤተሰቡን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ልኩን ለማየት፣ በሩን ገፍቶ ዘጋው። ገጠመ። እንዲያውም ከመጠን ያለፈ ገጠመ፤ ለጉሉማ የሰበከውን ሁለት ጣት በንዴቱ ራሱ ረስቶት ኖሮ፣ በሩ በቀኝ በኩል ጉበኑን ነከሰ። መያዣ ገና አልተሠራለትም። ቢስበው እምቢ አለ፣ በመሮ ቢፈለቅቀው እምቢ አለ። ደወሉ ተደወለ፣ መዝሙሩ ከሩቅ ተሰማ፣ አለቀም። ጨመዳ መሮውን ይዞ ላቡን እየጠረገ ቆመ። በሕይወቱ እንዲህ ተናዶ አያውቅም።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ባቻ ወደ እናቱ ቀሚስ ሮጠ። በሩ በሄደበት ዓመት የተወለደ ልጅ ነው። “ምንድን ነው?” አለ።

“ሰው ነው፣ የኔ ልጅ” አለች ሎሚ። “እንዲህ ነው የሚመጣው።”

“ጨመዳ!” የኦቦ ሞረዳ ድምፅ ነበር። “ጉባኤው ተሰብስቦ ይጠብቅሃል። እጅ የምንጭነው በማን ላይ ነው?”

“አልከፈት አለኝ፣ ኦቦ ሞረዳ! በሩ ተጣበቀ!”

“የምን በር?”

“የሎሚ በር!”

“የሎሚ በርማ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው” የሚል ድምፅ መጣ። ኦቦ ደረሳ ነበሩ። እሳቸውም እንደ ሰው ሁሉ አራት ዓመት ዐውቀው ዝም ብለው ነበር። ከዚያ ትንሽ ቆይተው “ሞረዳ፣ እዚህ የተጻፈውን እይ። ‘ወንጌላዊ ጨመዳ’ ይላል። ተገልብጦ” አሉ።

ሎሚ ወደ በሩ ተጠጋች። መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳረፈች።

“ኦቦ ሞረዳ፣ ረቡዕ የነገርኳችሁ ውሸት ነው።”

“የቱ?”

“ሁሉም። ይቅር በሉኝ።”

ቀጥሎ ኦቦ ሞረዳ፣ አትሮንስ ላይ የቆሙ ያህል ድምፃቸውን አስተካክለው፣ “እንግዲያው እንደ አዲስ ልንጠይቅሽ ግድ ነው። ጨመዳ ይውጣልን” አሉ።

“አይችልም፣ ኦቦ።”

“አዎ... እንግዲህ ይስማው። ሎሚ፣ ልጄ፣ ጨመዳ ቤቱን እንዴት ያስተዳድራል?”

ሎሚ ባሏን አየችው። ጸጉሩ ውስጥ ፍቅፋቂ ገብቷል፣ አውራ ጣቱ ደምቷል፣ ዐይኑ “ቢላ” እያለ ይለምናታል። ይህን ጊዜ እንኳ ይለምናታል!

“ትናንት ጀመረ” አለች።

“ስለዚህስ?”

“ስለዚህ ገና ነው። በሚመጣው ጥቅምት ጠይቁኝ።”

ጨመዳ በግንባሩ መቃኑን ተደገፈ። አንድ ዓመት! በሠራው በር፣ በሰበረው ሣጥን፣ በገዛ ቤቱ ተዘግቶበት፣ አንድ ዓመት። የተባለው ሁሉ ግን እውነት ነበር።

“ቢላስ ማን ይሂድ?” አሉ ኦቦ ሞረዳ ከውጭ።

“ጉሉማ አለ” አሉ ኦቦ ደረሳ። “ማንበብ ያውቃል፤ ሚስትም የለችው፣ የምንጠይቃት የለች።”

እርምጃቸው እየራቀ ሄደ። ጨመዳ አግዳሚው ላይ ወደቀ። ጉሉማ! ዓባይነሽ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ባቻ እግሩ ሥር። ሎሚ መጨረሻ መጥታ ቦታዋን ያዘች።

“ቤተ ክርስቲያን ቀረብን” አለች። “እንግዲህ እዚሁ ጸልይልን። አታርዝመው።”

ጨመዳ ዐይኑን ጨፈነ። ያዘጋጀው ነገር ሁሉ ጠፋበት።

“ጌታ ሆይ” አለ፣ “ይህን በር ክፈትልን።”

“አሜን!” አሉ ሁሉም በአንድ አፍ። እንዲህ ከልባቸው ብለውት አያውቁም። ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ፍየሏ ከውጭ አንድ ጊዜ በግንባሯ ገፍታ ተመለሰች፤ ነፋሱም ቀረ። ጨመዳ አራት ዓመት ሲለምነው የኖረው ጸጥታ ይህ እንደሆነ ገባው። ጸጥታው ግን ምንም አልነገረውም። መሮውን አነሣና የነከሰውን ጠርዝ ከላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ቀስ ብሎ መጥረብ ጀመረ።

ከውጭ ሰው ሳለ።

“ጨመዳ፣ ይኸውልህ ሦስተኛው እግር...”

“አትሳል!” አለች ሎሚ፣ ከውስጥ፣ በሙሉ ድምፅዋ። “በር አለ። አንኳኳ!”